ለገደል የተሰጠ ዕድሜ ባክኗልን?

በአማርኛ ገደል ክፉ ስም ያለው ቦታ ነው። የከሸፈ ሥራ «ገደል ገባ» ይባላል፤ የጠሉትን ሰው «ገደል ግባ» ብለው ይረግሙታል፤ መካሪ ያጣ ወጣት «ወደ ገደል እየሄደ ነው» ተብሎ ይታዘንለታል። ቋንቋው ወደ ገደል የሚገባበትን መንገድ አብዝቶ ያውቃል፤ ከገደል ስለሚወጣበት መንገድ ግን ብዙ የሚለው የለውም። በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው፣ ሥራና ደመወዝ ያለው ጎረቤቱ ቅዳሜና እሑድን ዓለት ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚያሳልፍ ቢሰማ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጤና ነው?»፣ ሁለተኛው ደግሞ «ምን አጥቶ?» ቢሆን አያስገርምም።

«ምን አጥቶ?» የሚለው ጥያቄ ሲመስል ትንሽ ነው፤ በውስጡ ግን አንድ ሙሉ የኑሮ ፍልስፍና አዝሏል። ሰው ወደ ድካምና ወደ አደጋ የሚሄደው ሲቸግረው ብቻ ነው፤ ያልቸገረው ይቀመጣል፤ የተሳካለት ደግሞ ይበልጥ ይቀመጣል የሚል ፍልስፍና ነው። በዚህ መለኪያ የሕይወት ጉዞ ከወንበር ወደ ተሻለ ወንበር፣ ከእግር ወደ መኪና፣ ከደረጃ ወደ አሳንሰር፣ ከሽሮ ወደ ጥሬ ሥጋ ነው። ቦርጭ የሹመትና የድሎት ምልክት ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የስኳርና የደም ግፊት ክኒን በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው፣ ገደል የሚወጣውን ሰው «በሕይወቱ ይቀልዳል» ብሎ ሲፈርድበት መስማት የዘመኑ ትልቅ ምጸት ነው።

ይህ ፍርድ ስሕተት ነው። ዓለት የመውጣት ፍቅር በልኩ ከተያዘ የሰውን ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ገንዘብና ወዳጅነት ሳይቀር መልክ የሚያስይዝ የኑሮ ሥርዓት ነው። ሐኪም በምክር፣ ሰባኪ በተግሣጽ ማምጣት ያቃታቸውን ልከኝነት ይህ ፍቅር ያለ ምክርና ያለ ተግሣጽ ሲያመጣው ታይቷል። ይህ ማለት ግን በዓለት ስም የሚነገረው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። ፍቅሩ ከነቃፊዎቹ ባልተናነሰ ከሁለት ወዳጅ መሳዮች መጠበቅ አለበት፤ አንደኛው አክራሪው ነው፤ ሁለተኛው ነጋዴው።

ሁለት ቀጥቃጮች

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለነገሩ ማስረጃ የሚሆነው ቦታ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዮሰሚቲ ሸለቆ ነው። በዚያ ሸለቆ ኤል ካፒታን የሚባለው የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ወደ 900 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከግድግዳዎቹ ግርጌ ደግሞ «ካምፕ 4» የምትባል፣ አቧራማ የድንኳን ሰፈር አለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት በዚህች ሰፈር የኖሩ ጥቂት ወጣቶች ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀውን የገደል መውጣት ባህል ፈጠሩ። የአሜሪካ መንግሥት ሰፈሯን በ2003 በብሔራዊ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷታል። ቤተ መንግሥት ወይም የጦር አውድማ ስለ ነበረች አይደለም፤ ሥራ ፈት የተባሉ ሰዎች የተኙባት መሬት ስለ ሆነች ነው።

የእነዚህ ሰዎች ታላቅ ወንድም ሊባል የሚችለው ጆን ሳላቴ ነው። በ1899 በስዊዘርላንድ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፣ በካሊፎርኒያ የራሱ የብረት ሥራ ሱቅ የነበረው አንጥረኛ ነበር። ዓለት መውጣት የጀመረው በ1945፣ ብዙ ሰው «እንግዲህ እርጅና መጣ» ብሎ በሚቀመጥበት ዕድሜ፣ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ጤናው ታውኮበት ስለ ነበር ሥጋ መብላቱን ትቶ በአትክልትና በፍራፍሬ መኖር ጀምሮ ነበር። ሳላቴ ከአውሮፓ የሚመጣው ለስላሳ የብረት ችንካር የዮሰሚቲን ጠንካራ ድንጋይ እንደማይችለውና እንደሚጎብጥ ባየ ጊዜ ወደ ወናፉ ተመልሶ ጠንካራ ችንካር ቀጠቀጠ፤ ብረቱን ከአሮጌ የፎርድ መኪና ዘንግ እንዳገኘው ይነገራል። በ1950 በሐምሌ ሐሩር፣ እጅግ ጥቂት ውሃ ይዞ፣ ከወጣቱ አለን ስቴክ ጋር የሴንቲኔልን ሰሜናዊ ግድግዳ በአምስት ቀን ሲወጣ የ51 ዓመት ሰው ነበር። ዛሬ ኤል ካፒታን ላይ ካሉት ታላላቅ መንገዶች አንዱ በስሙ ይጠራል።

ሁለተኛው ቀጥቃጭ በ1938 የተወለደው ኢቮን ሹናርድ ነው። በ1957 ከቆሻሻ ብረት መጣያ ያገለገለ የከሰል ምድጃ ገዛ፤ መስፍና መዶሻ ጨመረበት፤ ሙያውን ራሱን በራሱ አስተማረ። በሰዓት ሁለት ችንካር እየቀጠቀጠ አንዱን በአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ከመኪናው ኋላ ይሸጥ ጀመር። ክረምት ሲሆን ይቀጠቅጣል፤ በጋ ሲሆን ይወጣል። በቀን ከሃምሳ ሳንቲም እስከ አንድ ዶላር በሆነ ገንዘብ የኖረባቸው ጊዜያት ነበሩ። በዓመት ወደ ሁለት መቶ ሌሊት የሚሆነውን በመኝታ ከረጢት ውስጥ፣ በሜዳ ያድር ነበር። በአንድ ወቅት ቆርቆሮው በመጨርመቱ ዋጋው የወደቀ የድመት ምግብ በካርቶን ገዝቶ ከአጃና ከድንች ጋር እየበላ እንደ ከረመ ራሱ ተናግሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በአበሻ ምድር ብረት ቀጥቃጭ ለዘመናት «ባለእጅ» ተብሎ ሲናቅ፣ «ቡዳ» ተብሎ ሲሸሽ ኖሯል። የእጅ ሥራ የውርደት ምልክት በሆነበት ባህል ውስጥ ያደገ አእምሮ፣ እጁን በድንጋይ የሚያቆስልን የተማረ ሰው ዝቅ አድርጎ ቢያይ ከየት እንዳመጣው ግልጽ ነው። የዮሰሚቲው ታሪክ ግን የተጀመረው ከመስፍ ላይ ነው። የዓለቱን ጠባይ በእጃቸው ያወቁ ሰዎች መሣሪያውንም በእጃቸው ሠሩ፤ የኑሯቸውም ልክ በዚያው እጅ ተቀጠቀጠ።

እነዚህን ሰዎች መናንያን አድርጎ ማቅረብ ግን ሐሰት ይሆናል። በ1958 ኤል ካፒታንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር የወጣው ዋረን ሃርዲንግ በዓመት ተመንፈቅ ውስጥ ከአርባ የሚበልጡ ቀናትን በግድግዳው ላይ የሠራ ሰው ነው፤ የወይን ጠጅ ወዳድነቱም የታወቀ ነበር። የቅድስና ጉዳይ አልነበረም። ጉዳዩ የቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ በፊት የሚወዱትን አንድ ነገር አስቀመጡ፤ ሌላው ሁሉ ራሱ መጠኑን አገኘ። ቤት ትልቅ መሆን አላስፈለገውም፤ ልብስ መብዛት አላስፈለገውም፤ ገንዘብ የሚያስፈልገው እስከሚቀጥለው ወቅት ለመድረስ ነበር። «ቀላል ኑሮ» የሚባለው ነገር በእነርሱ ዘንድ ግብ አልነበረም፤ ከሌላ ፍቅር የተረፈ ትርፍ ነበር። ስለዚህም ዘለቀላቸው። ቀላል ኑሮን ለራሱ ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ እስከ ጾም መፍቻ ድረስ ብቻ ነው የሚዘልቀው።

የዓለት ተግሣጽ

ዓለት መውጣት ለጤና የሚሰጠው ጥቅም የእጅ ጡንቻ ማፈርጠም ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ያስባል፤ በእጁ ብቻ ራሱን እየጎተተ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ይደክማል። ቆይቶ የሚማረው ግን ዓለት የሚወጣው በእግር መሆኑን ነው። ክብደትን ከእጅ ወደ እግር ማሳለፍ፣ ወገብን ወደ ድንጋዩ ማስጠጋት፣ ትንፋሽን መያዝ ሳይሆን መልቀቅ፣ ከመንካት በፊት ማየት፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሌላ ነገር ሳያስቡ መቆየት ለከተማ ሰው ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ትዕግሥት ነው። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፤ የጣት ጅማት ግን ወራትና ዓመታት ይፈልጋል። ጡንቻው የቻለውን ጅማቱ ስላልቻለ፣ የቸኮለ ወጣት ጣቱን በጥሶ ለወራት ይቀመጣል። ስለዚህ የእረፍት ቀን ከልምምዱ ቀን እኩል ይከበራል። የእንቅልፍ ማጣት፣ የትናንት ምሽት መጠጥ፣ ሌሊቱን ያነጋ ጫት፣ ሁሉም በማግስቱ ድንጋዩ ላይ ሒሳባቸውን ያቀርባሉ። ሐኪም «ጉበትህን ይጎዳል» ሲለው ያልሰማ ሰው፣ ትናንት በቀላሉ የያዘው ጠርዝ ዛሬ ከጣቱ ሲያመልጥ ይሰማል። የሐኪም ማስጠንቀቂያ ስለ ሩቅ ዓመታት ነው፤ የዓለት ተግሣጽ ግን ዕለቱን ይደርሳል።

አክራሪው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ገደል ወጪ የራሱን ክብደት ይዞ ስለሚወጣ፣ ክብደት መቀነስ ለጊዜው ኃይል የጨመረ ያስመስላል። ከዚህ በመነሣት ራሱን የሚያስርብ አለ። በውድድሩ ዓለም ይህ ጉዳይ እጅግ አሳሳቢ ከመሆኑ የተነሣ፣ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2024 የተወዳዳሪዎችን የምግብ እጥረት ምልክቶች የሚመረምር ደንብ እስከ ማውጣት ደርሷል። ጤናን ለማግኘት የተጀመረ ነገር ጤናን ሲበላ ፍቅር መሆኑ ቀርቶ በሽታ ሆኗል። አክራሪው ሰውንም ይበላል። ፍሬድ ቤኪ የተባለው አሜሪካዊ በ2017 በ94 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከተራራ ያልተለየ፣ ማንም ያልረገጣቸውን በመቶ የሚቆጠሩ መንገዶች የከፈተ ሰው ነው፤ ሆኖም ትዳር ሳይዝ፣ ቋሚ ሥራ ሳይኖረው፣ ዕድሜውን በመንገድ ጨረሰ። ሊደነቅ ይችላል፤ ለሁሉ ምሳሌ ይሁን ማለት ግን ዘበት ነው። ጥሩ ፍቅር ቤትን ያጠብባል እንጂ ቤተሰብን አያባርርም።

«ለድሃ ቀላል ኑሮ አይሰበክም»

ከተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ በቅንነት ሊመለስም ይገባዋል። በካምፕ 4 በቀን በአንድ ዶላር ይኖሩ የነበሩት ወጣቶች በዓለም እጅግ ሀብታም በሆነ አገር መካከል ነበሩ። ቢታመሙ ሆስፒታል፣ ቢሰለቹ ዩኒቨርሲቲ፣ ቢርባቸው የቱሪስቱ ትራፊ ይጠብቃቸው ነበር። ድህነታቸው በፈለጉ ጊዜ የሚዘጋ በር ነበረው። በአፍሪካ ቀንድ በቀን በአንድ ዶላር የሚኖር ሰው ግን በር የለውም። ለእርሱ «ጥቂት ይበቃል» ብሎ መስበክ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ሜዳ ማደር ለአንዱ ነጻነት፣ ለሌላው መፈናቀል ነው።

እውነት ነው። ግን ይህ መልስ የሚሰጠው ለማን እንደ ሆነ መታየት አለበት። «ለድሃ አይሰበክም» እያለ የሚከራከረው ብዙ ጊዜ ድሃው አይደለም፤ ከድህነት ወጥቶ ወደ ሌላ ወጥመድ የገባው የከተማ ደመወዝተኛ ነው። በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በካምፓላም ሆነ በጅቡቲ፣ ይህ ሰው ከወላጆቹ ችግር አምልጧል፤ በብድር የተገዛ መኪናው ውስጥ በመንገድ መጨናነቅ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ ከዚያ ቢሮ ይቀመጣል፤ ከዚያ ግሮሰሪ ይቀመጣል። ለሠርግና ለልደት ከአቅሙ በላይ ይደግሳል፤ ለዕዳው ሲል ተጨማሪ ይሠራል፤ ለድካሙ ሲል ተጨማሪ ይጠጣል። የድሃውን ስም ጋሻ አድርጎ የሚከላከለው የራሱን ምቾት ነው። ሙግቱ ከእርሱ ጋር ነው እንጂ ከድሃው ጋር አይደለም።

ገደል ለመውጣት የሚያስፈልገው ዕቃ ከውጭ የሚመጣና ውድ መሆኑም አይካድም። ገመድ፣ የወገብ መታጠቂያ፣ የብረት ቀለበት፣ ጠባብ የጎማ ጫማ፤ እነዚህ ሁሉ ዋጋ አላቸው። ነገር ግን ገመድ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ለብቻ አይያዝም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከታች ቆሞ ገመዱን ይጠብቅለታል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ በየትም አገር ገደል ወጪዎች በማኅበር ይሰበሰባሉ፤ ገመዱን ይጋራሉ፤ ጫማውን ያስጠግናሉ። ዕቁብና ዕድር ባቋቋመ ሕዝብ ዘንድ ይህ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም።

የፈረንጅ ነገር ነውን?

ሌላው ክስ «የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ወደ ትግራይ መመልከት ይበቃዋል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደ ተመሠረተ በሚነገርለት በደብረ ዳሞ ገዳም፣ ወደ አምባው የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው። ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል የሚሆነውን ግድግዳ መነኩሴውም፣ ወንድ ምእመኑም፣ እህሉም፣ መጽሐፉም በዚያው ገመድ ሲወጣ ኖሯል። በገርዓልታ ደግሞ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ካህናትና ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን በድንጋይ ላይ በተፈለፈለ ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ እያስገቡ ገደሉን ይወጣሉ። ሴቶች ሕፃናትን አዝለው ለክርስትና ሲያወጡ ታይተዋል። ይህ የሆነው የጎማ ጫማ ከመፈልሰፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነው።

በእርግጥ የገርዓልታ ቄስ የሚወጣው ለዓለቱ ፍቅር አይደለም፤ ለቅዳሴ ነው። ሁለቱን አንድ ነው ማለት ቅጥፈት ይሆናል፤ ቅዱሱን ግድግዳም መለማመጃ ማድረግ ድፍረት ነው። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ሌላ ነው። ያ ቄስ በእርጅናው ወቅት እንኳ የሚወጣው ከላይ የሚጠብቀው ነገር ስላለ ነው። ወደ ላይ የሚያስኬድ ምክንያት ያለው ሰው አካሉን ለዚያ ምክንያት ያኖረዋል። ምክንያቱን ያጣ አካል ግን የትም ቢመገብ ይደክማል። እንግዲህ ገደል የመውጣት ችሎታ ከውጭ አልመጣም፤ ከውጭ የመጣው የመኪናው ወንበር ነው።

ወደ ደቡብ ሲወረድ የኬንያ ተራራ አለ። ከፍተኛ ጫፉ ባትያን 5199 ሜትር ነው፤ በ1899 እንግሊዛዊው ማኪንደርና ሁለት የአልፕስ መሪዎች ወጡት። የዚህ ተራራ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝበት አንድ አስገራሚ ምዕራፍ አለው። ፈሊቼ ቤኑዚ የተባለ ኢጣሊያዊ በወረራው ዘመን በኢትዮጵያ የቅኝ አስተዳደር ሠራተኛ ነበር። በ1941 የኢጣሊያ ኃይል ሲሸነፍ ተማርኮ በኬንያ፣ በናንዩኪ በሚገኝ የእስረኞች ካምፕ ታሰረ። ከካምፑ ተራራው ይታይ ነበር። ቤኑዚ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለወራት ተዘጋጀ፤ መዶሻ ወደ በረዶ መፈለጫ ተለወጠ፤ የአልጋ ሲሳል ገመድ ሆነ፤ ከራሽን ላይ ምግብ ተቆጠበ። በጥር 1943 ከካምፑ አምልጠው ወጡ፤ ባትያንን ሞክረው አልሆነላቸውም፤ 4985 ሜትር በሆነው በሌናና ጫፍ ባንዲራቸውን ተከሉ፤ ከዚያም ወደ ካምፑ ተመልሰው ራሳቸውን ለእስር ሰጡ። የሃያ ስምንት ቀን የጨለማ ቤት ቅጣት ተፈረደባቸው፤ ሰባቱን ብቻ ታሰሩ።

ይህ ሰው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጀግና አይደለም፤ የወራሪ አገልጋይ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ አንድ ነገር ያስረዳል። ያ እስረኛ ምግብ፣ መጠለያና ጥበቃ ነበረው፤ ያጣው የሚጠብቀውን ነገ ነው። ተራራው ነገን መለሰለት። ለወራት የቆጠበው ብስኩት፣ የሰፋው ከረጢት፣ የተለማመደው ትዕግሥት ሁሉ ትርጉም ያገኘው በዚያ ነው። «ምን አጥቶ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

የኬንያ ተራራ ሌላም ሰው ያስታውሳል። ኢያን ሃወል በ1970 ከባትያን ጎን ባለው በኔልዮን ጫፍ ላይ፣ ለመሸበት ሁሉ ማደሪያ የምትሆን ትንሽ ጎጆ ሠራ፤ ዕቃውን በጀርባው ለማድረስ 13 ጊዜ ብቻውን ወጣ። ጎጆዋ ለእርሱ ቤት አልነበረችም፤ ለማያውቀው ሰው የተሠራች ነበረች። ሊጠየቅ የሚገባው ግን ይህ ነው፤ በዚህ ተራራ ሥር የተወለዱ የኪኩዩና የሜሩ ልጆች ለትውልዶች የሌላውን ሰው ሻንጣ ተሸክመው ሲወጡ፣ ገመዱ ለምን በእጃቸው ሳይገባ ብዙ ቆየ? ተራራው ለአንዱ ፍቅር፣ ለሌላው የቀን ሥራ ብቻ ሆኖ መኖሩ የፍትሕ ጉዳይ ነው። «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ንግግር ይህንን ኢፍትሐዊነት የሚያጸና እንጂ የሚቃወም አይደለም። ሸክሙን ለአገሬው፣ ደስታውን ለእንግዳው ያከፋፍላል።

ሞትን በተመለከተ

ገደል መውጣት ይገድላል። ይህን መካድ አንባቢን መናቅ ነው። አሌክስ ሆኖልድ በሰኔ 2017 ኤል ካፒታንን ያለ ምንም ገመድ በሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ደቂቃ ሲወጣ ዓለም ትንፋሹን ያዘ፤ ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ ገደል መውጣት ማለት ያ ይመስለዋል። ይህ ግን ስሕተት ነው። እርሱም ቢሆን ያን መንገድ በገመድ ታስሮ ደጋግሞ ካጠና በኋላ ነው የሞከረው። እጅግ የሚበዛው ገደል ወጪ በሕይወቱ ሙሉ ያለ ገመድ አይወጣም፤ ቋጠሮውን ራሱ ያያል፤ ጓደኛው ደግሞ ደግሞ ያይለታል፤ ደመና ካየ ይመለሳል። ጫፍ ሳይደርሱ መመለስን ያለ ኀፍረት ማወቅ በሌላው የኑሮ መስክ እምብዛም የማይገኝ ጥበብ ነው።

ደግሞም ሞት ገደል ላይ ብቻ አይጠብቅም። በወንበር ላይ ያለው ሞት ድምፅ ስለሌለው የለም ማለት አይደለም። የገደሉ አደጋ ይታያል፤ ስለሚታይም ይለካል፤ ስለሚለካም ይቀነሳል። የማይታየው አደጋ ግን በየቀኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ «በስመ አብ» ተብሎ ይበላል።

ነጋዴው

ሁለተኛው ወዳጅ መሳይ ነጋዴው ነው። ቀላል ኑሮ ራሱ ሸቀጥ ከሆነ ቆይቷል። ሆኖልድና መሰሎቹ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ በአሮጌ የጭነት መኪና ውስጥ ያድሩ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ኑሮ የሚያስመስል መኪና በቤት ዋጋ ይሸጣል። ሹናርድ የመሠረተው ኩባንያ ጃኬትም ገደል አይተው በማያውቁ የባንክ ሰዎች ትከሻ ላይ ይታያል። ቀላልነትን ገዝቶ መልበስ የሚቻል ይመስል።

ሆኖም የዚያው የሹናርድ ታሪክ ለነጋዴው ተግሣጽ ይዟል። በ1970 ገደማ ድርጅቱ በአሜሪካ ትልቁ የገደል መውጫ ዕቃ አቅራቢ ሆኖ ነበር፤ የንግዱም ዋና ምሰሶ ችንካሩ ነበር። ችንካሩ ግን በተመታና በተነቀለ ቁጥር የድንጋዩን ስንጥቅ ይቦረቡረው ነበር፤ የሚወዱት ዓለት በወዳጆቹ እጅ እየፈረሰ ነበር። ሹናርድና ሸሪኩ በ1972 ባሳተሙት የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ፣ ደንበኞቻቸው ችንካሩን ትተው ሳይመታ በእጅ ስንጥቅ ውስጥ የሚሸጎጥ ሽብልቅ እንዲጠቀሙ መከሩ። እንጀራቸውን የሚሰጣቸውን ዕቃ «አትግዙ» አሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ሹናርድና ቤተሰቡ ኩባንያውን ራሱን ለተፈጥሮ ጥበቃ ዓላማ አስተላለፉት። የሚወዱትን ነገር ሲጎዱ ማቆም፤ ከዚህ ያነሰ ነገር ፍቅር ሊባል አይገባውም።

እዚህ፣ አሁን

እንግዲህ ጥያቄው፣ ሥራ ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ ዮሰሚቲን በሕልሙ እንኳ የማያያት ሰው ምን ያድርግ የሚል ነው። በናይሮቢ የሚኖር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ይታሰብ። ከከተማው 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በናይቫሻ አጠገብ፣ በ1984 የተከለለው የሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ አለ። በመግቢያው አቅራቢያ 25 ሜትር የሚሆነው የፊሸር ግንብ የተባለው የእሳተ ገሞራ ዓለት ለጀማሪ ይበቃል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ረጃጅም ግድግዳዎች አሉ። ይህ ሰው ዓርብ ማታ በጊዜ ይተኛል፤ ሌሊቱን የሚያነጋበት ምክንያት የለውም። ቅዳሜ በማለዳ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በማታቱ ይሳፈራል። በከረጢቱ ውስጥ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ዕንቁላልና ውሃ አለ። ገመዱ የማኅበሩ ነው። ከሰዓት በኋላ እጁ ተልጦ፣ ሆዱ በእውነት ተርቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሳምንቱ ሌሎች ቀናት ለዚያች ቅዳሜ ሲል ደረጃ ይወጣል፤ አሳንሰሩን ይተዋል። በወሩ መጨረሻ ሳያስበው ገንዘብ ተርፎታል፤ መጠጥ ቤት ስላልሄደ ነው። ልጆቹን ሲወስድ ከግርጌ ቆመው ገመድ መያዝን፣ ማለትም የሌላን ሰው ሕይወት በእጅ መያዝን ይማራሉ።

ይህ ሁሉ ሥራ መልቀቅ፣ ትዳር መተው፣ ድንኳን ውስጥ መግባት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከሳምንቱ ላይ አንድ ነገር የማይነካ አድርጎ መያዝ፣ ሌላውንም ለእርሱ ማስገዛት። ዓለት ባይሆን ሩጫ፣ ሩጫ ባይሆን እርሻ ሊሆን ይችላል የሚል ቢኖር ተቃውሞ የለም። ነገር ግን በድንጋይና በአምባ የተሞላ ምድር ላይ እየኖሩ፣ ድንጋይን ለመውደቂያ ብቻ የተሠራ አድርጎ ማየት የሚያሳዝን ድህነት ነው።

ወላጅ ልጁ ዛፍ ላይ ሲወጣ «ውረድ» ብሎ ይጮኻል፤ ትምህርት ቤቱ ግቢውን ያጥራል፤ ዘመድ «ምን አጥቶ?» ይላል። ይኸው ልጅ በአርባ ዓመቱ ሁለት ፎቅ መውጣት ሲያቅተው ግን ማንም «ምን አጥቶ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው መቅረብ የነበረበት ያኔ ነው። በገደል ላይ የባከነ የሚመስለው ዕድሜ ተቆጥሮ የሚገኝ ነው፤ እያንዳንዱ ቀን የት እንደ ነበረ ይታወቃል። የማይታወቀው በወንበር ላይ ያለፈው ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል።